ወደ ውጭ የዞረው ጎማ

ሐሙስ ጠዋት ፒካፑ ከመንገዱ ሠላሳ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ገደል ውስጥ በጀርባው ተገልብጦ ተገኘ።

አዋላጇ በቀበቶዋ ተንጠልጥላ ነበር። ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። የመንደሩ ሰዎች ተሯሩጠው ሲደርሱ ትንፋሽ አልነበራትም።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ እየተንሸራተተች ቁልቁለቱን ወረደች። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መኪናውን ዞር ዞር ብላ አየችው። የቀኙ የፊት ጎማ ቀጥ ብሎ ያያል። የግራው ግን ወደ ውጭ ዞሯል፤ ከቦታው እንደወለቀ ክንድ።

አብሯት የመጣው የትራፊክ ፖሊስ ፍሬን እምቢ ብሏት ይሆናል አለ። አስፋልቱ ላይ ግን ረጅም የፍሬን ምልክት ነበር። መኪናው ለመቆም ታዟል፤ ለመታጠፍ ነው እምቢ ያለው።

ጎንበስ አለች። የግራውን ጎማ ከመሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። አልተሰበረም። ጫፉ ላይ ግን ነት አልነበረም።

መኪናው የባሏ ነው። ባልየው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ መንገዱ ድንጋይ ስለሚበዛበት በቅርቡ ሞላውን አስቀይሮ መኪናውን አራት ጣት ያህል ከፍ አስደርጎታል። አዋላጇ ነድታው አታውቅም ነበር። ያን ዕለት በማለዳ ከታችኛው መንደር ሁለት ቀን ያማጠች ሴት አለች ተብሎ ተደወለላት። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ተበላሽቶ ቆሟል። ቁልፉን ከጠረጴዛ ላይ አንስታ ወጣች። ያቺ ሴት በኋላ በቃሬዛ ተወስዳ በሰላም ተገላገለች።

ቆፋሪው ገና መርማሪዋ ሳትቀመጥ ገዳዩን ነገራት። ሚሊ ነው አለ።

ሚሊ የሚባለው የጎማ አቅጣጫ አስተካካዩ ነው። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው፤ በአንዲት ሚሊሜትር ከሰው ጋር ስለሚጣላ። ቆፋሪው መኪናውን ከፍ አስደርጎ ሲወስድለት ሚሊ አልሠራም ብሎ መለሰው። መኪናው ከፍ ሲል ጎማዎቹን የያዙት ክንዶች አጠሩ፤ ረጅም ክንድ ካልገባለት ጎማው አይቃናም፣ መሪውም ሲለቁት አይመለስም አለው። በዚህ የተነሣ በሰው ፊት ተሰዳደቡ፤ አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ምንም አልቀራቸውም። ቆፋሪው ክንዶቹን አስቀይሮ ተመለሰ፤ ሚሊም አስተካክሎ ለቀቀለት። ከዚያ በስምንተኛው ቀን ይህ ሆነ።

ሚሊ ታሰረ። ሰው ሁሉ ነገሩ ያለቀለት መሰለው።

መርማሪዋ ግን ከሰዓት በኋላ አስፈታችውና ፒካፑ ወደተጎተተበት የፖሊስ ግቢ ይዛው ሄደች። ሚሊ ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነው። የሠራበትን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የሁለቱም ጎማዎች ልክ በቁጥር ተጽፏል። ከወረቀቱ ይልቅ ሊያሳያት የፈለገው ግን ሌላ ነገር ነበር። የቀኙን ነት በጣቱ ነካው። በነቱና ነቱ እንዳይላላ በሚያስረው ሽቦ ላይ ቀጭን የቢጫ ቀለም መስመር አለ።

መኪና ከመልቀቁ በፊት ነቱን አጥብቆ፣ ሽቦውን አስሮ፣ ቀለም እንደሚቀባ ነገራት። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የሠራው።

ከዚያ ወደ ግራው ሄደ። ጎንበስ ብሎ የዘንጉን ጫፍ አየ።

«ነቱ በራሱ ወልቆ ቢሆን ሽቦው ይበጠስና ግማሹ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ይቀር ነበር» አለ። «ቀዳዳው ንጹሕ ነው። አንድ ሰው ሽቦውን በፒንሳ አቃንቶ ስቦ አውጥቶታል። አንድም ጭረት የለበትም። እጁ የለመደ ሰው ነው።»

«የእርስዎም እጅ የለመደ ነው።»

«አዎ። ግን እኔ ብሆን ስምንት ቀን አይነዳም ነበር፣ አለቃ። መኪናው ከፍ ስላለ ይህ ዘንግ ተዳፍቶ ነው የሚሠራው፤ ሁልጊዜ ይሳባል። ነቱ ከላላ በዚያ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይዘልቅም።»

ቆፋሪው እስከ ረቡዕ ቀትር በዚያ መንገድ ሲነዳው ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ደግሞ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቆፋሪው ግቢ ውስጥ፣ በር ተዘግቶበት ቆሟል።

መርማሪዋ ጎረቤቶችን ጠየቀች። መጀመሪያ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከዚያ ቤት ስለሚሰማው ጩኸት ነገረቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ አዋላጇ ራሷ በሽተኛ ሆና ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች። ሁለተኛው የተሰበረ ክንድ ነው።

ቆፋሪው ዳግመኛ ተጠራ።

«ትመታት ነበር?»

«ባልና ሚስት ይጣላሉ።»

«ክንዷ የተሰበረው ስትጣሉ ነው?»

ቆፋሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

መርማሪዋ ይዤዋለሁ ብላ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጥም አላት። አምቡላንሱ እንደሚበላሽ፣ ሚስቱ በማለዳ እንደምትጠራ ማን ያውቃል? ደግሞ ይህ ሰው ጎማ ሲተነፍስበት እንኳ መካኒክ እንደሚያስመጣ ሰፈሩ ሁሉ ይስቅበታል።

«ሐሙስ መኪናውን የሚነዳው ማን ነበር?»

«እኔ። አራት ሰዓት ላይ ወደ ቆላው የቁፋሮ ጣቢያ እወርድ ነበር። በዚያው መንገድ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወጥመዱ የተዘረጋው ለሟቿ አልነበረም።

ረቡዕ ግቢው ማን እንደገባ ጠየቀችው። ማንም አልገባም አለ። ትንሽ አሰበና አማቴ ብቻ አለ። ሽማግሌው አርባ ዓመት በመካኒክነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናው ከፍ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እስቲ እንዴት አድርገው እንደሠሩት ልየው ብሎ መጣ። ልጁ ሥራ ላይ ነበረች። ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ቆፋሪው ሻይ ሊያስፈላለት ወደ ቤት ገብቶ ነበር።

«ከዚያ በፊት መጥቶ ያውቃል?»

«በሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።» ቆፋሪው ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ደስ ብሎኝ ነበር። የታረቀኝ መስሎኝ።»

የሽማግሌው ቤት በለቀስተኛ ተሞልቷል። እሱ ግን ከሰው ጋር አልነበረም። ጓሮ ባለችው የሥራ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ቁልፎቹ በየመጠናቸው ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ ነትና ብሎን በየዓይነቱ የተለየባቸው ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። ምንም ነገር የማይጥል ሰው ክፍል ነው።

መርማሪዋ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አየች። ሽማግሌው አልከለከላትም። አራተኛው ውስጥ፣ ከአሮጌ ሽቦዎች መካከል፣ አንድ አዲስ ሽቦ አገኘች። ተቃንቷል። ወገቡ ላይ ቢጫ ቀለም አለበት።

«አባቴ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

ሽማግሌው ሽቦውን ሳይሆን እሷን አያት።

«ከእሱ መኪና» አለ። ቀጥሎም፣ «የእሱ መኪና ነበር እኮ፣ ልጄ» አላት።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሳይጠየቅ ተናገረ። ከሁለት ወር በፊት ልጁ ክንዷን በጄሶ አስራ መጣች። ከደረጃ ወድቄ ነው አለችው። ቤታቸው ደረጃ የለውም። ወደ እኔ ተመለሽ ብሎ ለመናት። አባዬ አትግባብኝ አለችው፤ እንዳትናገርም ብላ አስማለችው። ለማንም አልተናገረም። ቆፋሪው ሐሙስ ሐሙስ ያን ቁልቁለት እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። ነቱን ጥቂት ጥርስ ላይ ብቻ አስቀርቶለት ወጣ።

«ጠዋት መጥተው መኪናው ገደል ገባ ሲሉኝ ነፍስ ይማር አልኩ» አለ። «እሱ መስሎኝ። ከዚያ ሰዎቹ ማልቀስ ጀመሩ። ለእሱ እንዲህ አይለቀስም ብዬ አሰብኩ።»

ሚሊ ሲታሰር ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። አፌ አልከፈት አለኝ አላት። ተነሣና ኮቱን ለበሰ፤ እጆቹንም ራሱ ዘረጋላት።

ሚሊ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሽማግሌውን ግን ክሱ ሲሰማ ሊያየው አልመጣም። ቆፋሪው ክንድ በመስበር ለብቻው ተከሰሰ፤ ማስረጃውም የጤና ጣቢያው መዝገብ ሆነ።

ፍርድ ቤቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ መስኮቱ አይዘጋም። ዐቃቤ ሕግ ከአዋላጇ ቦርሳ የተገኙትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አነበበ። ከእነሱ መካከል ከጤና ጣቢያው የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነበር። አዋላጇ በራሷ ጥያቄ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ እንድትሠራ የተፈቀደላት፣ መኖሪያ ክፍልም የተሰጣት መሆኑን ይገልጻል። የክፍሉ ቁልፍ ከደብዳቤው ጋር ታስሮ ነበር። ክፍሉ ለአንድ ሰው ነው።

ዳኛው ተከሳሹ የሚናገረው ነገር ካለ ጠየቁት።

ሽማግሌው ከፊቱ ያለውን የእንጨት አጥር ይዞ ቆመ። ደብዳቤው የተጻፈው መቼ እንደሆነ እንዲነገረው ብቻ ለመነ። ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን ገልብጦ ቀኑን አነበበለት። ሽማግሌው በጣቱ ቆጠረ።

«የዚያው ሳምንት ሰኞ» አለ። «እኔ መኪናው ሥር የገባሁት ረቡዕ ነው።»

ከዚያ ተቀመጠ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲፈረድበት ቀና ብሎ አላየም።