በስተቀኝ ያለው ወንበር

እኔ ሎምበሶ በዚህ ዕድሜዬ ጅኒ ነው፣ ጥላ ነው፣ የሞተ ሰው ሲዞር ታየ ነው የሚባለውን ወሬ ሁሉ ሲያወሩልኝ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው ነኝ፤ ሆሳዕና ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ስለ መናፍስት ሲሰበክ አፌ አሜን ይላል፣ ሆዴ ግን «ማስረጃው የታለ» ይላል፣ ተንኮለኛነቴን እግዜርም ታደለችም ያውቁታል። ታደለች ባለቤቴ ናት። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሳቅ እገድለው ነበር፣ አንተም ሳቅ፣ ቅር አይለኝም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ደግሞ በውድቅት ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም፣ ቀን ነው፣ ምሳዬን በልቼ፣ ጥርሴን ፍቄ፣ ማለቴ የቀሩትን ፍቄ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ዓይን ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ አስካለ፣ ካምባታ አግብታ ከአንጋጫ ወደ ላይ ዳገቱ ጫፍ ላይ ትኖራለች፣ ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሸፍኖባት ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው። በዚያ ክረምት የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሆሳዕና መጡ ተባለ፣ ልጇ ደሳለኝ፣ አስተማሪ ነው እሱም፣ ሮጦ አስመዘገባት፣ ዓርብ ጠዋት መድረስ አለባት፣ ዓርብ ካለፈ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ታዲያ በምን ትውረድ? ባጃጅ ያንን ጭቃ አይወጣም፣ ሞተር ላይ እንዳትቀመጥ ዳሌዋ ተጎድቷል፣ የመንደሩ ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘው እንሸከምሽ ቢሏት ምን አለች መሰለህ? «በቃሬዛ ከዚህ ደጅ የምወርደው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ መንገዱ ቢያንገላታኝም አልሰማም።» አለቀ። እትዬ አስካለ እንቢ ካለች እንቢ ነው፣ ዓይኗ ይቅር እንጂ በሕይወት እያለች እንደ ሬሳ አትወርድም።

እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ማለቴ በእህቴ ዓይን አይደለም፣ ሰበብ በማግኘቴ ነው። ስንት ዓመት ፎር ዊል መኪና ሲያልፍ አንገቴ እስኪጣመም ስከተል የኖርኩ ሰው፣ አሁን «ለእህቴ ስል» ብዬ ልገዛ ነው። ደላላው ወደ አንድ ግቢ ወሰደኝ፣ እዚያ ቆማለች፣ አረንጓዴ፣ አሮጌ፣ ረጅም፣ ፊቷ እንደ ቁም ነገረኛ ሴት ኮስተር ያለ፣ እመነኝ ልቤ እንደ ሙሽራ መታ። ደላላው «ሐኪም ነው የነዳት» አለኝ፣ በአገራችን ለሽያጭ የቀረበ መኪና ሁሉ ሐኪም የነዳው ነው፣ ሐኪሞቹ መቼ ሕሙማን እንደሚያዩ እንጃ። ሰው ሲያደርግ ስላየሁ ጎማውን በእግሬ መታሁ፣ ኮፈኑን አስከፍቼ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ ሞተሩ ሲነሳ የገባኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ደላላው ይሄ ዘንግ እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው፣ ጎማው ላይ ያለው ደግሞ እያለ ሲያስረዳኝ እኔ በመስታወቱ ራሴን እያየሁ ነበር፣ መነጽሬ ከመሪው ጋር ያምርብኝ እንደሆነ።

ቤት ይዣት ስገባ ታደለች ወጥታ አንዴ ዞረቻት።

«የማቲዎስ አባት፣ ትናንት መነጽርህን ፍሪጅ ውስጥ አይደል ያገኘነው?»

«አዎ።»

«እና መንገዱን የት ልታገኘው ነው?»

ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ከመኪናዬ አልወረድኩም፣ ጨው ለመግዛት በመኪና፣ ጎረቤት ለመጠየቅ በመኪና፣ ጎረቤቴ በራፌ ፊት ለፊት ነው፣ ዞሬ ለመመለስ የፈጀሁት ጊዜ በእግሬ አሥር ጊዜ ያደርሰኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ነው እንግዲህ ትንንሽ ነገሮች መሰማት የጀመሩት። ኩርባ ላይ ስጠመዝዝ በስተቀኜ ያለው ወንበር ሲጥ ይላል፣ ባዶ ወንበር እንደሚለው አይደለም፣ ሰው ሲደላደል እንደሚለው ነው። ማታ ግቢ አቁሜ፣ በሬን ዘግቼ ወደ ቤት ስራመድ ደግሞ ከኋላዬ ሌላ በር ይዘጋል፣ ቀስ ብሎ፣ ጨዋ እንግዳ እንደሚዘጋው። ተመልሼ ሳይ ሁሉም ዝግ ነው። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል አልኩ፣ ይህን ለስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ ለራሴ ማስተማር እንዴት ያቅተኛል?

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ተነሳሁ፣ ሐሳቤ እትዬ አስካለ ዘንድ አድሬ ዓርብ ማለዳ ይዣት መውረድ ነው። ታደለች ጫማዬን ቦርሻ እንደ መስታወት አድርጋዋለች፣ «መንገድ ላይ ብትገኝ እንኳ ሰው መስለህ ተገኝ» ብላ። እስከ አንጋጫ ድረስ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት፣ ከአንጋጫ ወደ ላይ ስታጠፍ ግን ጉም ወረደ፣ እንዴት ያለ ጉም፣ በሁለቱም በኩል ያለው እንሰት ጠፋ፣ የመኪናዬ አፍንጫ ራሱ ጠፋ፣ መንገዱ ደግሞ ዝናብ የጠገበ ቀይ ጭቃ ነው። ትልቁ ዳገት ላይ ስደርስ ቆመች። አጭሯን ዘንግ በኩራት ሳብኩና ፎር ዊል አስገባሁ፣ ለዚህ አይደል የገዛኋት። ነዳጅ ስሰጥ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃ እየረጩ ይሽከረከራሉ፣ እሷ ግን ወደ ላይ በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ደግሜ ሞከርኩ፣ ባሰ። በስተግራዬ ገደል እንዳለ አውቃለሁ፣ ጉሙ ስለሸፈነው ብቻ ነው ያልጮህኩት።

ያኔ ነው ቀልዱ ከአፌ የጠፋው። እዚህ ካደርኩ እትዬ አስካለን ዓርብ ያልፋታል፣ ዓርብ ካለፋት ቀሪ ዕድሜዋን ግድግዳ እየዳሰሰች ነው የምትኖረው፣ ያስቀራትም በመስታወት ራሱን ሲያይ የነበረው ወንድሟ ነው። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ «ጌታ ሆይ፣ ለኔ ብለህ አይደለም» ስል በስተቀኝ ያለው ወንበር ሲጥ አለ። በሩ ተከፈተ። ቅዝቃዜው ጆሮዬን መታኝ፣ በሩ መልሶ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ወዳጄ፣ አልዞርኩም። የተማረ ሰው ሁልጊዜ ዞሮ ማየት የለበትም። ጭቃ ውስጥ እግር ሲነሳና ሲያርፍ ሰማሁ፣ ጭቅ፣ ጭቅ እያለ በፊት በኩል ዞሮ ወደኔ መጣ፣ ግራ ጎማው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ። መስኮቴ በትንፋሼ ደብዝዟል፣ በክንዴ ጠርጌ ዝቅ ብዬ ሳይ ጉም ብቻ። «ማነህ?» አልኩ፣ ድምፄ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ድምፅ ሆኖ ነው የወጣው። እርምጃው ተመልሶ ዞረ፣ ቀኝ ጎማው ላይ «ቀጭ»። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ወንበሩ ሲጥ አለ።

ከዚያ ነዳጅ ሰጠሁ፣ እና ወጣች። እመነኝ ወጣች፣ አራቱም ጎማዎቿ መሬቱን እንደ ድመት ቧጥጠው፣ ያንን ዳገት አንድ ዘፈን ሳያልቅ ወጣችው፣ እኔም ከፍርሃቴ ይልቅ ደስታው አሸንፎኝ መሪውን እየመታሁ «ጎበዝ፣ የኔ እመቤት» እያልኩ ነበር፣ ለመኪናዋ ነው ያልኩት፣ ወይም ለማን እንዳልኩ እንጃ።

ደሳለኝ በሩን ከፍቶ አስገባኝ፣ እትዬ አስካለ ካምባታ አገር ገብታም በቡላና በወተት የሚሠራውን የሀዲያ አታካናዋን አልተወችም፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ እየጨሰ ነው።

«ሎምቤ፣ አንተ ነህ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ባለመኪናው ሎምቤ በይኝ።»

«እሺ ባለመኪናው፣ ሰውየህን ለምን ውጪ ትተኸው ገባህ?»

«የቱን ሰውዬ?»

«አብሮህ የመጣውን ነዋ። ሁለት በር ሲዘጋ ሰማሁ እኮ። እዚህ ቤት ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እኛ ስንበላ አይተህ ታውቃለህ? ደሳለኝ፣ ጥራው።»

ደሳለኝ ወጥቶ ተመለሰና «ማንም የለም እማዬ» አላት። «እጁን ሊታጠብ ሄዶ ይሆናል» አለችና ድርሻውን በሌላ ሳህን አስወጥታ በእንሰት ቅጠል ሸፈነችው፣ ስንተኛም እንግዳ ሳይበላ አያድርም ብላ ሳህኑን በልጇ እጅ ልካ መኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠችለት። ምን ብዬ ልከልክላት? ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ሄድኩ፣ ሳህኑ ሙሉ ሆኖ ከታየ ይሳቅብኛል ብዬ እዚያው ቆሜ ልበላው ነው፣ ሆዳምነቴም አለ፣ አልደብቅህም። ቅጠሉን ስገልጠው ጨሰ። ብርዱ እንጨት የሚሰነጥቅበት አገር፣ ሌሊቱን ሙሉ ውጪ ያደረ ምግብ ምላሴን አቃጠለው። ሙቀት ከሞቀው ወደቀዘቀዘው ይሄዳል ብዬ ነበር የማስተምረው፣ የተማሩብኝ ልጆች ይቅር ይበሉኝ።

አፌን ስጠርግ ደሳለኝን ከፊት ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ይሄን ሎክ ትናንት እርስዎ ነዎት ያዞሩት?»

«የቱን?»

«ይቺን መሐሉ ላይ ያለችውን። ወርደው በእጅ ካላዞሯት የፊት ጎማዎቹ አይሠሩም፣ ዘንጉን ብቻ ቢስቡት ዋጋ የለውም። ሁለቱም ታስረዋል።»

 ጉራዬ ከፍርሃቴ ቀድማ አፌ ላይ ደረሰች፣ «እኔ ነኝ፣ ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» አልኩት።

ደሳለኝ ጫማዬን አየ። እኔም አየሁት። ታደለች የቦረሸችው ጫማ፣ አሁንም እንደ መስታወት።

«በዚያ ጭቃ ወርደው?»

«ዘልዬ ነው» አልኩት። በሰባ ዓመቴ።

እናቱን አዝሎ አመጣና ኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛት፣ እሱም አብሯት ተቀመጠ፣ ወረድን። በስተቀኜ ካለው ወንበር ሥር ምንጣፉ ላይ ቀይ ጭቃ ነበር፣ እርጥብ፣ ሳያዩኝ በመሐረቤ ጠረግኩት።

ደረስን፣ ወዳጄ፣ በሰዓቷ ደረስን፣ ቀኝ ዓይኗን ሠሩላት፣ በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ ታደለችም እኔም አጠገቧ ነበርን። እትዬ አስካለ መጀመሪያ እጇን አየች፣ አገላብጣ፣ ከዚያ ታደለችን አየችና ጉንጯን ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች፣ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ሎምቤ፣ ማን ነው እንዲህ ያስረጀህ?»

ታደለች እያለቀሰች «እኔ ነኝ» አለቻት። በሳቅ አለቀስን፣ የዚያን ዕለት ደስታ አልነግርህም፣ ሁሉን ነገር ነው የምትጠይቀን፣ የመጋረጃውን ቀለም፣ የነርሷን ጥልፍ፣ የአቮካዶውን ቅጠል፣ እንደ ሕፃን። ጭቃውን የኔ መኪና ነው ያሸነፈው ብዬ ለሐኪሙም፣ ለዘበኛውም፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራሁ።

እኛ ቤት ሰንብታ የምትመለስበት ቀን ፀሐይ ነበር። ታደለች ለዳሌዋ እንዲመቻት የፊተኛው ወንበር ላይ ትራስ አደረገችላት፣ እኔም እንደ ሚኒስትር ሹፌር ቀኝ በሩን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ። እትዬ አስካለ ልጇን ተደግፋ መጣች፣ ጥቁር መነጽሯን ከፍ አድርጋ ወደ ውስጥ አየች። ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ሰው ሰላም እንደምትል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰችና ደሳለኝን «የኋላውን ክፈትልኝ» አለችው።

«እትዬ፣ እዚህ ይሻልሻል፣ ትራስም አለ» አልኳት።

«ሽማግሌ አስነስቼ ልቀመጥ ነው? ተወኝ ባክህ።»

ታደለች ትራሱን አየች፣ እኔን አየች፣ አብራን ልትሄድ ያዘጋጀችውን ቦርሳዋን ይዛ ተመልሳ ቤት ገባች። እኔ ምን አደርጋለሁ፣ መሪውን ያዝኩ። ከሆሳዕና እስከ አንጋጫ፣ ከአንጋጫም እስከ ዳገቱ ጫፍ አንገቴ ወደ ቀኝ አልዞረም፣ በቀኝ በኩል የሚያልፈኝ የለም ብዬ ነው የነዳሁት። ደሳለኝ ዕቃዋን ይዞ ሲገባ እኔ እትዬ አስካለን ደጃፏ ላይ ያዝኳትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ሰውየው ምን ይመስላል?»

አየችኝና መሳቅ ጀመረች። «አንተ መቼም እስክትሞት ቀልድህን አትተውም።»

«እየቀለድኩ አይደለም፣ በእናታችን፣ ምን ይመስላል?»

በቃ ባሰባት፣ ዕድሜ ልኬን ስቀልድባት የኖርኩባት እህቴ ነች፣ የምሬን መሆኑን በምን ታውቀው፣ አዲስ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና በእጇ ገፋ አደረገችኝ።

«ሂዱ በሉ፣ ይመሽባችኋል።»

ደሳለኝ እዚያው እናቱ ጋ ነው የሚያድረው። የምወርደው ብቻዬን ነበር።