የውሻው ሞትና ሰማያዊዋ ላስቲክ

የትምህርት ቤቱ ውሻ አንድ ጠዋት ከኋላ አጥር ሥር ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ የአይጥ መርዝ የነካው ቁራሽ ዳቦ ነበር፤ ዳቦው ላይ ደግሞ የጥርስ ሽቦ የሚታሰርባት አንዲት ሰማያዊ ላስቲክ። ሽቦ ያሰረችው ተማሪ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ለርእሰ መምህሩ ይኸው በቃው፤ ሰውዬው ሲፈርድ ማሰብ አይወድም።

«ዛሬውኑ ትባረራለች!»

«ይረጋጉ እንጂ፣ ምን አስቸኮለዎት?» አለች የሥነ ሥርዓት ኃላፊዋ። ከፖሊስ መርማሪነት ጡረታ የወጣች ሴት ናት።

ልጅቷን ብትጠይቃት አፏን በእጇ ሸፍና አቀረቀረች። የክፍሏ ልጆች «ሽቦ» የሚል ስም ካወጡላት ወዲህ ምሳዋን እንኳ የምትበላው ወደ ግድግዳ ዞራ ነው።

መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ሄደች። «አባባ፣ እዚህ መቼ ጠረጉ?»

«ትናንት ማታ ነዋ! አንዲት ቅጠል አላስቀረሁም። ያቺን ባለ ሽቦ ልጅ ምን በደላት ውሻዬ? የሚጮኸው አጥር ለሚዘል ብቻ ነበር።»

«ማን ይዘላል?»

«ያቺ ‹አለቃ› የሚሏት ተማሪ ናታ። ባለፈው ሳምንት በሱ ጩኸት ተይዛ ተቀጣች።»

መርማሪዋ ለልጅቷ እናት ስልክ ደወለች። ከዚያ ርእሰ መምህሩን፣ ልጅቷንና ዘበኛውን ቢሮ ሰበሰበች፤ አለቃንና «ሳቂታ» የሚሏትን ጓደኛዋንም ጭምር።

«ሳቂታ፣ እንዲህ ያለች ላስቲክ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ቀን ከዚቺ ልጅ አፍ ስትወድቅ አለቃ አንስታ ስልኳ ሽፋን ውስጥ ከተተቻት። ለሁሉም እያሳየች ... ስንስቅ ...» ሳቂታ አሁን አልሳቀችም።

«አለቃ፣ ስልክሽን» አለች መርማሪዋ።

ውስጡ የሚታየው ሽፋን ባዶ ነበር።

«ጠፋችብኛ!» ጮኸች አለቃ። «ደሞ የሷ አፍ ሙሉ ሰማያዊ አይደል እንዴ?»

«አይደለም። እናቷ ነግራኛለች፤ ከትናንት ወዲያ ሐኪሙ ሁሉንም አውልቆ በነጭ ቀይሮላታል። ሳቃችሁ ቢያንገሸግሻት ለምና ነው ያስቀየረችው። ግቢው የተጠረገው ደግሞ ትናንት ማታ ነው። ስለዚህ ይቺ ላስቲክ የወጣችው ከሷ አፍ ሳይሆን ካንቺ ስልክ ነው። አፏን እንዳትከፍት ያደረግሻት አንቺው ነሽ፤ ታዲያ መቀየሯን በምን ታውቂያለሽ?»

«ትክፈትና እንያ!» አለ ርእሰ መምህሩ።

ልጅቷ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። «ብባረር ይሻለኛል» አለች ከእጇ ሥር።

ዘበኛው የውሻውን ሰንሰለት እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። «ልጄ፣ በስህተት እንደጠረጠርኩሽ እንዳልኖር አሳዪኝ።»

ልጅቷ እጇን አወረደች። አለቃ ፊት ሄዳ ቆመችና ከንፈሯን ገልጣ ነጫጭ ላስቲኮቿን እስከ መጨረሻው ጥርስ አሳየቻት።

«በይ፣ አሁን ሳቂ!»

አንድም ሰው አልሳቀም።