የእመት ወለላ በርጩማ

የሳርማዝ መንግሥት ከተቆረቆረ ጀምሮ ታይቶ የማያውቅ ምልክት በዋርካምባ መንደር ታየ፤ ወንዟ በማለዳ ተነሥታ ሄደች። ደረቀች እንዳይባል አልደረቀችም። ጎህ ሲቀድ ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ምለው እንደተናገሩት፣ ውሃው ከእግራቸው ሥር እንደሚጠቀለል ሰሌን እየተሰበሰበ፣ ዓሦቹን ጭምር ይዞ፣ ሽቅብ ወደ ጉም ራስ ተራራ ተመለሰ። ከኋላው የቀረው እርጥብ ጠጠርና አንድ ግራ የገባው እንቁራሪት ነበር።

ከእንቁራሪቱ የበለጠ ግራ የገባው ግን የመንደሩ ጭቃ ሹም ዘርጋው ነው። ሹመቱ ገና ወር አልሞላውም። በዋርካምባ ሹመት የሚሰጠው በሸንጎው ላይ ላልተገኘ ሰው ነው፤ የተገኘ ሰው እሺ ብሎ አያውቅምና። እሱም ያን ዕለት የጠፋች ጊደር ፍለጋ ዱር ለዱር ሲንከራተት ውሎ፣ ጊደሯን ሳያገኝ ሲመለስ ሹመቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። የሹም ሥራ ምን እንደሆነ የነገረው አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም መንገር ያለበት አልመሰለውም።

ከዚያ ወዲህ ደጁ ከሰው ጸድቶ አያውቅም። የውሃ ተራዬ ተዘለለ የሚል ይመጣል። ጠባቂው ተኝቶ አደረ የሚል ይመጣል። ቦይ ስንጠርግ እገሌ አሞኛል ብሎ ቀረ፣ ማታ ግን ሰርግ ቤት ሲጨፍር ታየ የሚልም አይጠፋም። ዘርጋው ለሁሉም «እሺ፣ ይታያል» ይላል፤ ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። እናቱ «የኔ ልጅ እኮ ጉንዳን ቢረግጥ ዞሮ ይቅርታ ይጠይቃል» እያለች ትስቅበታለች። ከባለጉዳዮቹ ሁሉ የባሰችው ደብሪቱ የምትባል ብርቱ ሴት ነበረች። ጎረቤቷ ቀፎ የሰቀለበት የዋንዛ ቅርንጫፍ አጥሯን ተሻግሮ ወደ ጓሮዋ ገብቷል፤ ስለዚህ ማሩ የኔ ነው ባይ ናት። ሹም ሲሻር ሹም ሲሾም፣ የደብሪቱ ክርክር ግን ንቅንቅ አላለም።

ወንዟ በሄደች ዕለት ሸንጎው በዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ነገሩ የዋዛ አልነበረም። በሳርማዝ ሕግ ውሃ የሌለው መንደር መንደር አይባልም፤ በመጪው ሙሉ ጨረቃ የንጉሡ ነጋሪት ሲጎሰም ስሙ ሳይጠራ ይታለፋል፤ ሕዝቡም ተበትኖ በየሰው ደጅ ጥገኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ እያወቁ ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ላይ ሊደርሱ አልቻሉም። አንዱ ጋኔን ነው አለ። አንዱ የላይኞቹ ሰዎች ገድበዋት ነው አለ። ሌላው ስለ አባቱ ዘመን ድርቅ ጀምሮ ስለ አባቱ በቅሎ ጨረሰ። ዘርጋው የሚናገረውን ሰው ሁሉ እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁሉም እውነት ይመስለዋል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ የተናገረው ሁሉ በመጨረሻ እሱን ሰረቅ አድርጎ ያይና ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ምን አጥፍቼ ይሆን አለ በልቡ። መጠየቅ ግን አፈረ።

በመጨረሻ አባ ስንቁ ተነሡ። አባ ስንቁ የመንደሩ የውሃ አባት ናቸው፤ የመስኖ ቦይ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሳቸው ዶማ ነው። ዘርጋውን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉትም እሳቸው ነበሩ።

«ልጄ፣ የተቀየመ ሰው ደጁ ድረስ ተሂዶ ነው የሚጠየቀው» አሉ። «የወንዟ እመቤት፣ እመት ወለላም፣ እንደዚያው ናት። ተነሥ፣ ጉም ራስ እንውጣ።»

«ግን ምን በደልናት፣ አባቴ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበሱ። «እሱን እሷው ትንገርህ።»

ዘርጋው የሹመት ዘንጉን አነሣ። ድምፁ፣ ራሱንም እስኪገርመው ድረስ፣ ጠርቶ ወጣ።

«የዋርካምባ ሰዎች ስሙኝ! እመት ወለላን ሳልመልስ ይህን ዋርካ ዳግመኛ ባይ፣ የዘራሁት አይብቀልልኝ፤ የጠራሁት አይስማኝ፤ ስሜም ከስማችሁ ጋር ይጥፋ!»

«ይሁን!» አለ ሸንጎው።

«ይሁን የሚባለውማ ጉዳዬ ሲታይ ነው» የሚል ድምፅ ከወደ ኋላ መጣ። ደብሪቱ ናት፤ ስንቋን በጀርባዋ አዝላለች። «ሹሙ ተራራ ከወጣ ማሬን ማን ይፈርድልኛል? ከሹሙ ጋር እሄዳለሁ፤ ገደልም ቢሆን።»

የሚከለክላት አልተገኘም። ሦስቱ ደረቁን የወንዝ ወለል ይዘው ሽቅብ ጉዞ ጀመሩ።

የጉም ራስ መንገድ የሚያልፈው በጉም በሬዎች ግጦሽ መካከል ነው። እነዚህ በሬዎች ከተራራው ራስ ላይ ደመና የሚግጡ፣ ቁመታቸው ጎጆ የሚያህል፣ ቀንዳቸው ከበረዶ የተበጀ ፍጥረቶች ናቸው። ሰው አይወጉም። ሆኖም ትንፋሻቸው የደረሰበት መንገደኛ ለምን እንደመጣ ይረሳል። ስንት ጀግና ሰይፉን መዝዞ ወጥቶ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሰይፉን ለምን እንደያዘ ሲያሰላስል አርጅቷል።

ነጩ ትንፋሽ ሲሸፍናቸው ዘርጋው ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ደስ የሚል ድካም ተሰማው።

«ይህ ዘንግ የማን ነው?» አለ በእጁ የያዘውን እያገላበጠ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አሉ አባ ስንቁ። «እኔስ የማን ነኝ?»

ዘርጋው አሰበ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ሲፈልገው ግን ይሸሻል። አንድ ትልቅ በሬ ቀርቦ ጭንቅላቱን አሸተተው። ምናልባት እረኛ ነኝ አለ በሆዱ። ምናልባትም በሬው የኔ ነው።

«ማሬን!» የሚል ጩኸት ጉሙን ሰነጠቀው።

ደብሪቱ ነበረች። እሷም ስሟን ረስታለች፤ አገሯንም ረስታለች። የጎረቤቷን ቀፎ ግን የጉም በሬ ቀርቶ ሞትም የሚያስረሳት አልነበረም። «አንተ! አዎ፣ አንተ ዘንግ የያዝከው! ቅርንጫፉ አጥሬን ተሻግሯል፤ መቼ ነው የምትፈርድልኝ? ሹም አይደለህም እንዴ?»

ሹም የሚለው ቃል ዘርጋውን አባነነው። ሹም ከሆነ መንደር አለው፤ መንደር ካለው ውሃ ያስፈልገዋል። ብድግ ብሎ አባ ስንቁን በክንዳቸው ያዘ። ደብሪቱ የሁለቱንም ጋቢ ጨምድዳ፣ ስለ ዋንዛው ቅርንጫፍ ስለ ማሩም እየለፈለፈች፣ ከትንፋሹ ጎትታ አወጣቻቸው። ዘርጋው በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ቀን የሰው ጭቅጭቅ ጣፍጦት አያውቅም።

ከተራራው ራስ በታች አንድ ዋሻ አፉን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። በውስጡ የዋርካምባ ውሃ በሙሉ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ዓሦቹ በግድግዳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከመካከሉ አንዲት ሴት ወጣች። ልብሷ ውሃ ነው፤ ፀጉሯ አረንጓዴ የወንዝ ሣር ነው። ሦስቱም በግንባራቸው ተደፉ።

«እመት ወለላ» አለ ዘርጋው፤ «የዋርካምባ ጭቃ ሹም ዘርጋው ነኝ። አባቶቻችን ከእርስዎ ጠጥተው አድገዋል፤ እኛም እንደዚሁ። ችግኛችን እየጠወለገ ነው፤ ስማችንም ሊጠፋ ነው። በደላችንን ይንገሩንና እንካስ። እኔ በበኩሌ ምን እንዳጠፋን አላውቅም።»

«አታውቅም?» አለች። ድምፅዋ ከጠጠር ላይ እንደሚወርድ ውሃ ነበር። «መንደራችሁ ስትቆረቆር ከአያቶቻችሁ ጋር ቃል ተገባብተናል። እኔ አጠጣለሁ፤ እናንተም በሸንጎአችሁ አንድ በርጩማ ለእኔ ትተዋላችሁ። አልታይም እንጂ አንድም ሸንጎ ቀርቼ አላውቅም። አንተ በመራኸው በመጀመሪያው ሸንጎ ግን ስደርስ ሰው ተቀምጦበት አገኘሁ። ከቀትር እስከ ምሽት በእግሬ ቆሜ ዋልኩ።»

ያን ጊዜ ዘርጋው ትዝ አለው። አቧራ የለበሱ መንገደኛ ሽማግሌ ሸንጎው ላይ ደርሰው ነበር። እሱም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር! ኖር፣ አባቴ!» ካለ በኋላ ባዶ የነበረውን በርጩማ በጋቢው ጠርጎ አስቀመጣቸው። ባደረገውም ደስ ብሎት ነበር።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለ በደከመ ድምፅ። «የእርስዎ መሆኑን ማንም አልነገረኝም።»

«አንተስ አላወቅህም። ያወቁት ምን ሠሩ?»

ዘርጋው ወደ አባ ስንቁ ዞረ። ሽማግሌው መሬት መሬት ያያሉ።

«አውቄ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሁላችንም አውቀን ነበር። ግን እንግዳውን ተቀምጦ ከነበረበት ተነሣ ማለት... በዚያ ላይ የመጀመሪያ ቀንህ ነበር፤ በሰው ፊት ላሳፍርህ አልፈለግሁም። ኋላም እነግረዋለሁ እያልኩ ይሉኝታ ያዘኝ። እዚህ ድረስ ስንመጣም ልነግርህ አልቻልኩም፣ ልጄ።»

ዘርጋው መናደድ ይሁን ማዘን ያለበት አላወቀም። እሱም በእሳቸው ቦታ ቢሆን ዝም ይል እንደነበር ያውቃል፤ ይህም ይበልጥ አናደደው።

«እንግዳ ማክበራችሁ ደግ ነው» አለች እመት ወለላ። «የከፋኝ ይሉኝታችሁ ከእኔ መብለጡ ነው። እመለሳለሁ፤ ግን ከመካከላችሁ አንዱ ይሉኝታውን ይስጠኝ። የሰጠኝ ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ከመናገር በቀር ሌላ አይችልም። ቃል ማለሳለስ፣ ቅር ያለውን ማባበል፣ ‹ምንም አይደል› ማለት ከአፉ ይጠፋል። እስኪሞት ድረስ።»

«የኔን ይውሰዱ፣ እመት!» አሉ አባ ስንቁ በጉልበታቸው ቆመው። «ጥፋቱ የኔ ነው!»

«ያንተ አይበቃኝም። የመንደር ቃል የሚወጣው ከሹሙ አፍ ነው።»

ዘርጋው ፈራ። ሀብት የለውም፤ ጉልበቱም ያን ያህል አይደለም። ያለው ሀብት የሰው ፍቅር ብቻ ነው፤ ያም የመጣው ማንንም አስቀይሞ ስለማያውቅ ነው። ይህን ከሰጠ ማን ሆኖ እንደሚመለስ ሊገባው አልቻለም። የጠወለጉትን ችግኞች አሰበ፤ ስሙ የማይጠራውን መንደር አሰበ። ከዚያ ወደ ውሃው ቀርቦ አፉን ከፈተ። ቅዝቃዜው ምላሱን ነክቶ እስከ ደረቱ ወረደ፤ አንድ ነገር ከውስጡ ታጥቦ ሄደ። የውሃው ግድግዳም ተናደና እየጮኸ ቁልቁል ተወረወረ።

ሲወርዱ የጉም በሬዎቹ ከወንዟ ሸሽተው መንገዱ ጠርቶ ነበር። ደብሪቱ በደስታ እየዘለለች ከዘርጋው ጎን ተሰለፈች።

«በል እንግዲህ ሹሜ፣ ያን ጉድ ጉም ያሻገርኩህ እኔ ነኝ። ማሬስ?»

ዘርጋው «ይታያል» ሊል ፈለገ። «ማሩ የጎረቤትዎ ነው፣ እትዬ ደብሪቱ» አለ አፉ። «ቀፎውን የሰቀለው እሱ፣ ጭስ አጭሶ ማሩን የሚቆርጠው እሱ። የእርስዎ ድርሻ የቅርንጫፉ ጥላ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሹሞችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ደፍሮ የነገረዎ ጠፍቶ ነው።»

ደብሪቱ ቆመች። ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ተጨማደደ። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ቀድማቸው ሄደች፤ መንደር እስኪገቡም ዞራ አላየችም። ዘርጋው ሮጦ ሊያባብላት ፈልጎ የሚላት ቃል ቢፈልግ አጣ።

ዋርካምባ ሲደርሱ ውሃው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። እልልታው ተራራውን አናጋው። ሴቶች በእንስራ፣ ወንዶች በባርኔጣቸው ይቀዳሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዘርጋውን ተሸክመው ዋርካው ሥር አወጡትና መወድስ አዘነቡለት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ያ የአባቱን በቅሎ ሲተርክ የነበረው፣ ጽዋ አንሥቶ ጠየቀ፤ «ለመሆኑ እመት ወለላ ማን አስቀይሟት ነው የሄደችው ጀግናችን?»

«በርጩማዋ ላይ እንግዳ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ ዘርጋው። «አይታችሁ፣ አውቃችሁ፣ ዝም ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ሁላችሁም።»

ከበሮው ቆመ። ጽዋዎች ወረዱ። ሰው አንድ ባንድ ውሃ እቀዳለሁ፣ ከብት አጠጣለሁ እያለ ተበተነ። ዘርጋው መንደሩን አድኖ ለምን እንደ ጥፋተኛ ብቻውን እንደቀረ ግራ እንደገባው እዚያው ቆመ።

አባ ስንቁ ብቻ ቀርተው ነበር። ቀረብ አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ልጄ» አሉ፤ «አባት እንዳይጎድልብህ ብዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ዝም በማለቴ... ይቅር ብለኸኛል?»

ዘርጋው እኚህን ሰው ከማንም በላይ ይወድ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትፈለገው፤ ትናንት ቢሆን ሳያስብ ይሰጣቸው ነበር።

«ገና ነው፣ አባቴ» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡና ዶማቸውን ይዘው የመጀመሪያውን ቦይ ሊከፍቱ ወረዱ። ዘርጋው እንባው ሲወርድ አላበሰውም።

እናቱ ከሩቅ ቆማ ሁሉን ሰምታ ነበር። መጥታ አጠገቡ ቆመች። ልጇ ደክሞት እንደሆነ፣ ርቦት እንደሆነ፣ ተቆጭቶ እንደሆነ፣ እሷንስ እንደ ድሮው ይወዳት እንደሆነ ልትጠይቀው አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋችና እጁን ያዘችው፤ ምንም ሳትጠይቀው፣ ውሃው ወደ ማሳው ሲገባ አብረው ተመለከቱ።