ባርኔጣው ላይ የተንጠለጠለችው መረብ

አንዲት ቃል ናት ማሪትን ጉድ የሠራቻት። ለዚያውም ግማሿ እውነት የሆነች ቃል።

ከቲሎ ጋር የተዋወቁት የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲሠሩ፣ በሚማሩበት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሕይወት ሳይንስ ክፍል ምድር ቤት ነበር። እዚያ ልባቸው ሲቆስል መልሶ የሚሽር፣ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ለምርምር ይረባሉ። እሑድ እሑድ እነሱን መመገብ የሁለቱ ተራ ሆነ። ቲሎ እጀታ ባላት አረንጓዴ መረብ የሞቱትን እየለቀመ ያስቃታል።

«ይቺን አባብለሽ አብያት፤ እንዳንቺ ኩርፊያ ታበዛለች።»

«እኔ ነኝ የማኮርፈው? ቁርስ ካልበላ ሰው የማያናግረው ማን ሆነና!»

ከዚያ አብረው ይስቃሉ። መዋደዳቸውን ሁለቱም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም።

የዶክትሬት ምርምር ማስታወቂያ ወጣ። ያለው አንድ ቦታ ነው ተብሎ ተወራ፤ ሁለቱም አመለከቱ። አንድ ቀን የምርምሩ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኦስተርታግ ማሪትን ቢሯቸው ጠሯት።

«ከቲሎ ጋር አብራችሁ ሠርታችኋል። ሥራው እንዴት ነው?»

«ጎበዝ ነው» አለች። ምነው እዚያ ላይ ባበቃች! «ግን ይቸኩላል። ቁጥር ሳያጣራ ይመዘግባል።»

አንዴ አድርጎት ነበር። አንዴ ብቻ።

በሳምንቱ ቦታው የእሷ መሆኑ ተነገራት።

«ሁለተኛውን ደግሞ ከሌላ ከተማ ላመለከተ ልጅ ሰጠነው» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ሁለተኛ? ቦታው ሁለት ነበር እንዴ?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ቲሎ ኮፐንሃገን ሌላ ቦታ አገኘ። ሊሄድ አራት እሑድ ቀርቶት ነበር፤ አራቱንም እየመጣ ዓሦቹን አበላ። በመጨረሻው እሑድ መረቧን አጥቦ ትኩር ብሎ አያት።

«ማሪት፣ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

«ምን... ምን አለ ብለህ? በደህና ግባ።»

እወድሃለሁ ማለት ነበረባት። ግን ለፕሮፌሰሯ ያለችውን ሳትናዘዝ ይሄኛው እንዴት ይወጣል? ቲሎ መረቧን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ከአራት ዓመት በኋላ ማሪት ዶክተር ሆነች። እንደ አገሩ ወግ ባልደረቦቿ የካርቶን ባርኔጣ ሠርተው፣ ያሳለፈችውን የሚያስታውስ ኮተት ሁሉ አንጠለጠሉበት። የተመረቀው ሰው እያንዳንዱን እያነሳ ታሪኩን መናገር አለበት። የተሰረቀ ብስክሌቷን ደወልና ብሬትሰል የሚሉትን የደረቀ ቋጠሮ ዳቦ አነሳች፤ ሁሉም ሳቀ።

ከኋላ አረንጓዴዋ መረብ ተንጠልጥላለች።

«ቲሎ በፖስታ ልኳት ነው» አለ አንዱ።

እጀታዋ ላይ ብጣሽ ወረቀት ታስሯል፦ «ያልሽውን ያኔውኑ ፕሮፌሰሯ ነግረውኛል። አራቱን እሑድ የመጣሁት ካንቺ አፍ ልሰማው ነበር። ብትነግሪኝ ይቅር ልልሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ባለፈው ወር አገባሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።»

«በይ እንጂ ዶክተር! የመረቧስ ታሪክ?» አሉ ብርጭቆ ይዘው ኮሪደሩን የሞሉት እንግዶች።

ፕሮፌሰር ኦስተርታግ ከፊቷ ቆመዋል። አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። ማሪት መረቧን ከባርኔጣው ፈትታ በእጇ ያዘች።

«ይቺ የምወደው ሰው መረብ ናት» አለች። «እዚህ ሊማር ይገባው ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ከመጀመሪያው አንስታ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሰማት፤ ሊሰማት የሚገባው ግን እዚያ አልነበረም።