መሮው ያረፈበት ፊት

ይሄ ተረት አይደለም። የደረሰው በገዛ ባሌ፣ በፓንዳን ላይ ነው። ሲነግረኝ በጨርቅ የታሰረ ግራ ጆሮውን በእጁ ይዞ ነበር።

ቀትር ነው... ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ቦታው የንጉሡ ከተማ አንግኮር፣ የትልቁ ቤተ መቅደስ የምሥራቅ መተላለፊያ።

አዲሱ ንጉሥ ሺቫን የሚያመልክ ነው። የቀድሞው ንጉሥ በየግድግዳው ያስቀረጻቸው ቡድሃዎች ተፍቀው በቦታቸው የሺቫ ባሕታውያን እንዲቀረጹ አዟል።

በዚያ መተላለፊያ ሥራው የተሰጠው ለፓንዳንና ለታላቅ ወንድሙ ለክማው ነበር። ምስሎቹን በጊዜው የቀረጸው ደግሞ ሟቹ አባታቸው ነው።

"ወንድም ጋሼ... ይሄኛውን ቡድሃ እንለፈው። የአባባ የመጨረሻ ሥራ ነው።"

"አንገትህ ከበደህ እንዴ? ንጉሡ ያስቆርጠዋል! ፋቅ!"

ይሄን እያሉ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መጥቶ ምስሉ ፊት ቆመ። ቢጫ ልብሱ በላብ ርሷል።

"ልጆቼ፣ ይብቃችሁ።"

"ዞር በል፣ አንተ ሽማግሌ!" አለ ክማው።

መነኩሴው ንቅንቅ አላለም።

ክማው መዶሻውን አነሳ። ፓንዳን እጁን ሊይዘው ዘለለ... አልደረሰም።

ክማው መነኩሴውን አንዴ አናቱን መታው። ሲንገዳገድ ደግሞ ማጅራቱን። አጥንቱ እንደ ደረቅ ቀርከሃ ተሰነጠቀ።

ሽማግሌው በግንባሩ ተደፋ።

ክማው የመዶሻውን ደም በሽርጡ ጠርጎ፣ መሮውን አንስቶ ወደ ምስሉ ዞረ። ከሩዝ ማሳ የተመለሰ ሰው እንኳ እንደዚያ ተረጋግቶ እጁን አይጠርግም።

ቱክ... ቱክ...

ድምፁ ፓንዳንን አላማረውም። ድንጋይ ሲመታ ይጮሃል። ይሄኛው ግን... እርጥብ ነገር የሚመታ ይመስላል።

የቡድሃው ጣቶች ተሰብረው ወደቁ።

ከፓንዳን ኋላ የሆነ ነገር ጠብ ጠብ አለ። ዞረ።

የሬሳው ጣቶች ወለሉ ላይ ተበትነዋል።

"ወንድም ጋሼ..." አለ በሹክሹክታ። "አቁም።"

"ምን ሆነሃል?"

"ሬሳውን... ሬሳውን እየው።"

"ፈሪ! ሬሳ አይተህ አታውቅም?"

ቱክ። የምስሉ ትከሻ ተገመሰ።

የሬሳውም ትከሻ ተገመሰ። ማንም ሳይነካው።

ደሙ ኮለል እያለ መጥቶ የፓንዳንን እግር ነካው። ትኩስ ነው።

 ምናልባት ሽማግሌው ነፍስ አለው ብሎ ተንበረከከና ገለበጠው።

መነኩሴው አልነበረም።

ቢጫውን ልብስ ለብሶ፣ አፉን ከፍቶ የተኛው ክማው ነው። ወንድሙ።

ከኋላው መሮው አላቆመም።

ቱክ... ቱክ...

"ወንድም ጋሼ?" አለ ፓንዳን፣ ሳይዞር።

"አቤት፣ ልጄ።"

ክማው በሕይወቱ "ልጄ" ብሎት አያውቅም፤ ድምፁም የሽማግሌው ነው።

ፓንዳን ቀስ ብሎ ዞረ።

ጀርባውን የሰጠው ሰው የክማውን ሽርጥ ታጥቋል። አይፍቅም... ይቀርጻል። በዝግታ፣ በጥንቃቄ።

ከግድግዳው እየወጣ ያለው ፊት ቡድሃ አይደለም። የሺቫ ባሕታዊም አይደለም።

ፓንዳን ራሱ ነው። ወፍራም ቅንድቡ፣ ጠማማ አፍንጫው፣ ጨፈን ያሉ ዓይኖቹ...

መሮው ወደ ግራ ጆሮው ተሻገረ።

ቱክ።

በፓንዳን አንገት ላይ ትኩስ ነገር ወረደ...