በቆሎ ነው የተባለው መረብ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ "ከተክል የተሠራ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ስትገዙ ልባችሁ ቀለል አይለውም? የኦርቪል ሴድላቼክም ልብ ቀለል ይለው ነበር። እንዲያውም ከመቅለል አልፎ ጉራ ሆነበት። ነገሩ የሆነው ኔብራስካ ውስጥ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከበቆሎ በቀር ምንም በማይታይባት አንዲት የገበሬ ከተማ ነው።

በከተማዋ ዳር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ አለ። በወዲህ በር የገበሬውን በቆሎ ይቀበልና ስኳሩን አውጥቶ፣ አብላልቶ ፕላስቲክ ያደርገዋል። በወዲያ በር ደግሞ ሰው የጣለውን አሮጌ ፕላስቲክ ተቀብሎ በኬሚካል ያሟሟዋል፤ ወደ መጀመሪያው ንጥረ ነገር መልሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። የሁለቱ በሮች ውጤት ተደባልቆ ኩባያና ከረጢት፣ ለገበሬውም የድርቆሽ መጠቅለያ መረብ ይወጣዋል። ታዲያ ገበሬው ስለ ወዲያኛው በር ሲያወራ አትሰሙትም። በቆሎዬ ከሰው ቆሻሻ ጋር ተደባለቀ ብሎ ማን ይኮራል?

ኦርቪል ከሁሉም ይብስ ነበር። በቆሎውን የሚሸጠው ለፋብሪካው ነው፤ አንዲት ልጁ ማርሊስም እዚያው መሐንዲስ ናት። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የገበሬዎች ትርኢት ሲደርስ ፋብሪካው ጠረጴዛ ዘርግቶ በራሱ ኩባያ ሎሚናት ያድላል። ኦርቪልም ሎሚናቱን ጠጥቶ ሲያበቃ የኩባያውን ጠርዝ በጥርሱ ገምጦ እያኘከ፣ "በቆሎ ነው እኮ! የገዛ ማሳዬ በቆሎ!" ይላል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። ማርሊስም ትስቃለች።

"አባዬ፣ ጥርስህ ቢወልቅ ፋብሪካው አይተካልህም!" ትለዋለች።

"ተፋው፣ ምግብ አይደለም" ብላው ግን አታውቅም። ገበያው እንዳይቀዘቅዝ ፈርታ ይሁን፣ የአባቷ ሳቅ ደስ ብሏት ይሁን፣ እንጃላት።

በዚያ አገር ድርቆሽ የሚከርመው በማሽን ተጠቅልሎ፣ ዙሪያውን መረብ ተጠምጥሞበት ነው። ለከብት ከመሰጠቱ በፊት መረቡ ተቆርጦ መውጣት አለበት። በብርዱ ወራት ደግሞ በረዶው መረቡን ከድርቆሹ ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ ጓንትን አውልቆ በቢላ እየፈለቀቁ ማውጣት ነው፤ ጣት እስኪደነዝዝ ድረስ። የኦርቪል ሚስት አርዲስ በሕይወት ሳለች ይህን ሥራ ለማንም አትለቅም ነበር። "ላሞቹ እጅ የላቸውም፤ እጅ ያለኝ እኔ ነኝ" ትል ነበር።

አርዲስ ካረፈች ወዲህ ከእሷ ከብቶች የቀረችው ፔቱኒያ ብቻ ናት፤ ግንባረ ነጭ፣ ቀይ፣ ያረጀች ላም። ኦርቪል ሌሎቹን በጆሯቸው ላይ ባለው ቁጥር ነው የሚጠራቸው። ፔቱኒያን ግን በስሟ ይጠራታል፤ ሰው የሌለ ሲመስለውም ስለ ቀኑ ውሎ ያጫውታታል። በዚያ ዓመት አርግዛ ነበር።

"ከእንግዲህ አትወልድም፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። ብቻ ሴት ትውለድልኝ! የአርዲስ ከብቶች ዘር እንዳይጠፋብኝ" ይል ነበር።

ጥር ላይ ጎረቤቱ ዴልበርት በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ኦርቪል ድርቆሹን ከነመረቡ ሲበትን አየውና ፒክአፑን አቆመ።

"አንተ! ሳታወልቀው ነው እንዴ የምትሰጣቸው?"

"ኧረ ባክህ ተወኝ! ይሄ የድሮው ፕላስቲክ አይደለም፤ በቆሎ ነው። ላሞቹን በቆሎ አበላ ብለህ ልትከሰኝ ነው?"

"ማርሊስ ናት ብሉት ያለችው?"

"ማርሊስ ናት የሠራችው!"

"መሥራትና ብሉት ማለት ለየቅል ነው ወንድሜ። በየበራችን ያስቀመጡትን ሣጥን አላየኸውም? ያገለገለውን መረብ እዚህ ጨምሩ፣ አሟሙተን እንደገና እንሠራዋለን ብለውናል። የሚበላ ቢሆን መልሰው ምን ያደርጉታል?"

"አንተ ድሮም ፈሪ ነህ። ሂድ፣ የራስህን ጣት አቀዝቅዝ!" አለና ኦርቪል ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ዴልበርት ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። የኦርቪል ሣጥን መረብ ሳይገባበት በረዶ ሞልቶት ከረመ። ማርሊስ በየእሑዱ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ በዚያ ባዶ ሣጥን አጠገብ ነው መኪናዋን የምታቆመው። አንድም ቀን "መረቡስ የት ገባ?" ብላ አልጠየቀችም።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ፔቱኒያ ከመብል ቀረች። ማመንዠክ ተወች፤ ግራ ጎኗ ተነፋ። ኦርቪል መጀመሪያ እርግዝናው ነው ብሎ ራሱን አታለለ። ዘይት አጠጣት፣ ሆዷን አሸላት፣ ለመናት። ላሟ ግን ጥርሷን እያፋጨች ታቃስት ጀመር። በመጨረሻ የከብት ሐኪሟን ጠራ፤ ማርሊስንም ከሥራ ቦታዋ አስጠራት።

ዶክተር ጆሊን የፔቱኒያን ጎን ዳበሰች፤ ፊቷ ጠቆረ። "ጋሽ ኦርቪል፣ ሆዷ ውስጥ የታጨቀ ነገር አለ። መክፈት አለብን። ተስፋ ግን ልሰጥዎት አልችልም።"

አደንዝዛ ከፈተችና እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ጎተተች። የወጣው እንደ ገመድ የተገመደ፣ በድርቆሽ የተጠቀጠቀ መረብ ነበር። ጎተተች፣ አሁንም ጎተተች፤ አያልቅም። በመካከሉ የፋብሪካው ምልክት የሆነው አረንጓዴ ክር ቀለሙ እንኳ ሳይደበዝዝ ይታያል።

"ይሄ የናንተ አይደለም?" አለ ኦርቪል፣ አረንጓዴውን ክር ለማርሊስ እያሳያት።

"የኛ ነው" አለች ማርሊስ።

"በቆሎ ነው አላልሽኝም?"

"ከበቆሎ ነው ያልኩህ አባዬ! ከበቆሎም ከአሮጌ ፕላስቲክም ተነሣ፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ፕላስቲክ ነው። ይሄን መረብ መሬትም አያበሰብሰው፣ ሆድም አይፈጨው። የሚፈታው ፋብሪካው ብቻ ነው። ሣጥኑን ያስቀመጥነውም ለዚህ ነበር!"

ኦርቪል ቀና ብሎ አያት። "ታዲያ ኩባያውን ስበላ ለምን ሳቅሽ?"

ማርሊስ አፏን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች።

ፔቱኒያ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ራሷን ኦርቪል ጉልበት ላይ እንዳሳረፈች አለፈች። ሐኪሟ ጽንሱን ለማትረፍ ፈጥና ሞከረች፤ እሱም አልሆነም። ቀና ብላ ለመናገር ስታመነታ ኦርቪል፣ "ንገሪኝ፤ ምን ነበረች?" አላት።

"ሴት" አለች ዶክተር ጆሊን።

ኦርቪል ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ወይ ሰው! ጣቱ እንዳይበርደው የሳሳ እጅ፣ ያን ቀን ጓንትም ሳያደርግ ያን ሁሉ መረብ ከደሙ አጠበው።

ነሐሴ ደረሰና ትርኢቱ ተከፈተ። ፋብሪካው እንደ ወትሮው ጠረጴዛውን ዘረጋ፤ ሰዉም ሎሚናቱን ይዞ ኦርቪልን ከበበው።

"ዘንድሮስ አትገምጥም እንዴ? ወይስ ጥርሱ አለቀ?" አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ኦርቪል ከእግሩ ሥር ከረጢት አነሣና የያዘውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ደርቆ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የመረብ ድቡልቡል ነበር።

"ይኸውላችሁ፣ በቆሎ ነው" አለ። "ከአርዲስ ላም ሆድ የወጣ በቆሎ። እስቲ ማነው የሚበላው?"

ዴልበርት አቀርቅሮ መሬት መሬት አየ። ማርሊስ መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች።

"እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳችሁ" አለች። "ከምን እንደተሠራ ነገርኳችሁ፤ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አልነገርኳችሁም። ሣጥኑ ባዶውን ቆሞ እያየሁ ዝም አልኩ። አባቴ ከእኔ ሳቅ ነው የተማረው።"

ወገኖቼ፣ ዕቃው ከተክል መምጣቱ ደግ ነው፤ ቆሻሻ ተመልሶ ዕቃ መሆኑም ደግ ነው። መረቡን ቆርጦ ሣጥን ውስጥ የሚጨምር እጅ ከሌለ ግን ደግነቱ ከፋብሪካው በር አያልፍም። የሚሸጥም እውነቱን ሙሉውን ይናገር፤ የሚገዛም እጁን ከኪሱ ያውጣ።

ከሰዉ መሃል ቅድም የቀለደው ሰውዬ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። የያዘውን ባዶ ኩባያ አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎም ያን ድቡልቡል አየ።

"ማርሊስ" አላት፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ይሄን የት ነው የምጥለው?"

ያ ጠረጴዛ እዚያ መዘርጋት ከጀመረ ወዲህ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።