ቀዩ ሳጥንና የመጨረሻው ስፌት

ልጆች፣ ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ጣታችሁን ግን ሰብስቡ! ይህ ታሪክ ጣቷን በጣም ስለሚያሳክካት ልጅ ነው።

ልጅቷ ኢክራም ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ፣ ከአያቷ ከአባባ ይማም የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ነው።

ዛሬ ቤቱ ጭር ብሏል። እናቷ ልትወልድ ሆስፒታል ሄዳለች፤ አባቷና አክስቷ ዘይነባም አብረዋት ሄደዋል።

አባባ ይማም ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ለሚወለደው ሕፃን ቢጫ መታቀፊያ ይሰፋሉ። የስፌት መኪናውን በእግራቸው ይረግጡታል። ጢቅ ጢቅ ጢቅ! ጢቅ ጢቅ ጢቅ!

ኢክራም ከጎናቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች። የእናቷን ስልክ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች።

ጠዋት አባቷ ሲሄድ ጎንበስ ብሎ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ልክ ሲወለድ እደውልልሻለሁ። ስልኩን ከፍ አድርጌ የአክስትሽን እልልታ አሰማሻለሁ። አንቺ ደግሞ ቁጠሪ!»

በእነ ኢክራም ቤት ሴት ልጅ ስትወለድ እልልታው ሦስት ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድ ሰባት ነው።

«ቢያመልጠኝስ?» አለች ኢክራም።

«እልልታ አንዴ ነው፤ አይደገምም» አለ አባቷ። «ስለዚህ ስልኩን ቶሎ አንሺው!»

ኢክራም ትጠብቃለች። ጢቅ ጢቅ ጢቅ! ስልኩ ግን ዝም።

ድንገት... «ቱሩሩም!»

ስልኩ ላይ አንድ ቀይ ሳጥን ዘሎ ወጣ። ወርቃማ ጥብጣብ ታስሮበታል። ይጨፍራል፤ ዓይኑንም ይጠቅሳል።

«ንኪኝ! ንኪኝ! ስጦታ አለሽ!» አለ ቀዩ ሳጥን።

ኢክራም ክው አለች። ይህን ሳጥን ታውቀዋለች። ትናንት ማታም መጥቶባት ነበር።

አባባ ይማም መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። «ምንድን ነው ይሄ ደግሞ?»

«ስጦታ አለሽ እያለኝ ነው፣ አባባ።»

አባባ ይማም ጨዋ ሰው ናቸው። «ታዲያ ተቀበዪዋ! ስጦታ አይገፋም» አሏት። «በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ፣ አላህ ይስጥልኝ በዪ።»

ኢክራም በሁለት አውራ ጣቶቿ ሳጥኑን ነካችው። «አላህ ይስጥልኝ!» አለች።

«ቱሩሩም! ቱሩሩም!» አንዱ ሳጥን ሁለት ሆነ። ስጦታ ግን የለም!

ከሳጥኑ ጥግ ላይ የጉንዳን እግር የምታህል የመዝጊያ ምልክት አለች። ኢክራም እሷን ነካቻት።

«ቱሩሩም! ቱሩሩም! ቱሩሩም!» ሁለቱ ሳጥኖች ሦስት ሆኑ። ለካ የመዝጊያዋ ምልክትም ውሸት ናት!

በዚህ መሃል... «ድርርር! ድርርር!»

አባቷ ነው! አባቷ እየደወለ ነው!

«አንሺው! አንሺው!» አሉ አባባ ይማም። እግራቸው መርገጫው ላይ ተደናበረ። ጢቅ... ጢቅጢቅጢቅ... ጢ!

አረንጓዴው ምልክት ከሳጥኖቹ ሥር ተደብቋል። ኢክራም ጣቷን ወደ ግራ ወሰደች፤ ሳጥን! ወደ ቀኝ ወሰደች፤ ሳጥን!

«ንኪኝ! ንኪኝ! ስጦታ አለሽ!»

«ዞር በሉልኝ! አባቴ ነው!» ብላ ጮኸች ኢክራም።

«ድርርር! ድር...» ስልኩ ዝም አለ።

የኢክራም ዓይኖች እንባ ሞሉ። «አባባ፣ እልልታው አመለጠኝ?»

«እንጃ፣ የኔ ዓለም። ምናልባት ገና ይሆናል» አሉ አባባ። «እስቲ መልሰሽ ደውዪ።»

ኢክራም ልትደውል ሞከረች። «ቱሩሩም!» እንደገና ሞከረች። «ቱሩሩም! ቱሩሩም!»

አባባ ይማም የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ኢክራም መንገዱ ዳር ወዳለው ሞባይል ጥገና ሱቅ ሮጠች። ኳ! ኳ! ኳ!

ሱቁ ዝግ ነው። ኳ! ኳ! ኳ! ማንም የለም።

ወደ አባባ ስትመለስ የስልኩ ባትሪ ቀልቷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ሳጥኖቹ ደግሞ ባትሪውን ቅርጥፍ አድርገው እየበሉት ነው።

ኢክራምን ጨነቃት። ሆዷ ውስጥ የደበቀችው ነገር አለ። እሱም «አውጪኝ! አውጪኝ!» ይላታል።

አባባ ይማም ቢጫውን ጨርቅ ከመኪናው ላይ ቀስ ብለው አነሱት። ቅድም ሲደነግጡ ክሩ ተተብትቧል። የወፍ ጎጆ መስሏል።

«አባባ፣ በመቀስ ይቁረጡት! ቶሎ ይበሉ!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አባባ። «ከቆረጥኩት ጨርቁ ይቀደዳል። የተተበተበ ክር የሚፈታው ከመጨረሻው ስፌት ነው። መጨረሻ የገባው፣ መጀመሪያ ይወጣል።»

በመርፌያቸው ጫፍ የመጨረሻዋን ስፌት ሳብ አደረጓት። ሸርተት! ሌሎቹም ተከትለው ተፈቱ። ሸርተት! ሸርተት! ሸርተት!

ኢክራም ክሩን አየች። ስልኩን አየች።

«መጨረሻ የገባው፣ መጀመሪያ ይወጣል» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። «አባባ... ስልኩ ውስጥ መጨረሻ የገባውን ነገር አውቀዋለሁ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ትናንት እናቷ ጋደም ስትል፣ ኢክራም አንድ የፊኛ ጨዋታ አይታ ነበር። «ነፃ ነው! ነፃ ነው!» ይላል። ጣቷን አሳከካት። ማንንም ሳትጠይቅ ጫነችው።

«እማዬ ሳትጠይቂኝ ምንም እንዳትጭኚ ብላኝ ነበር። ቀዩ ሳጥን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው» አለች። እንባዋ ቢጫው ጨርቅ ላይ ጠብ አለ።

አባባ ይማም መርፌያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ እንባዋን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት።

«እኔስ ተቀበዪ ብዬሽ የለ? ሽማግሌም በሳጥን ይሸወዳል!» አሉ። «አሁን ለቅሶው ይቆየን። የመጨረሻውን ስፌት እንፍታ።»

ኢክራም ሳጥኖቹን አልነካችም። ከስልኩ ግርጌ ያለውን የመመለሻ ምልክት ነካች። ሳጥኖቹ እልም አሉ!

«አሁን ብደውልስ?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ አባባ። «ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሰው ይሸፍኑብሻል። ስንት እስክንቆጥር ነው የሚመለሱት? እስቲ እንቁጠር!»

እናንተም ቁጠሩ! አንድ! ሁለት! ሦስት! አራት! አምስት! ስድስት! ሰባት!

«ቱሩሩም!» ልክ ሰባት ላይ ተመለሱ።

«በይ፣ ሰባት ሳይሞላ መጨረስ አለብሽ። እኔ እቆጥራለሁ፤ አንቺ ሥሪ» አሉ አባባ።

አንድ! ኢክራም ሳጥኖቹን አባረረች። ሁለት! የፊኛዋን ሥዕል ፈለገች። ሦስት! የት አለች? አራት! የት አለች?

አምስት! አገኘቻት! ስድስት! ጣቷን ልታሳርፍባት ስትል... ሰባት! «ቱሩሩም! ንኪኝ! ንኪኝ! ስጦታ አለሽ!»

«ኤጭ!» አለች ኢክራም። የባትሪዋ ቀይ መስመር እንደ ክር ቀጥናለች።

«አይዞሽ! አሁን ያለችበትን አውቀሻል» አሉ አባባ። የእሳቸውም ግንባር አልቦታል።

አንድ! ሳጥኖቹን አባረረች። ሁለት! ጣቷን ፊኛዋ ላይ ጫን አድርጋ ያዘች።

ሦስት! ከላይ የቆሻሻ መጣያ ሥዕል ብቅ አለ። አራት! ፊኛዋን እየጎተተች ወደዚያ ወሰደቻት።

አምስት! ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃት። ኢክራም ለአፍታ ቆመች። ፊኛዋ ወይን ጠጅ ናት፤ በጣም ነበር የምትወዳት።

ስድስት! «አዎ! ይጥፋ!»

ሰባት! ኢክራምና አባባ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ስምንት... ዘጠኝ... አሥር...

ቱሩሩም የለም። ንኪኝ የለም። ቀይ ሳጥን የለም!

«ድርርር! ድርርር!»

አረንጓዴው ምልክት ወለል ብሎ ታየ። ኢክራም ነካችው።

«ኢክራም! ምነው ቅድም አላነሳሽም?» አለ አባቷ እያለከለከ።

«አባዬ፣ እልልታው አመለጠኝ?»

«አላመለጠሽም! ቅድም ተዘጋጂ ልልሽ ነበር የደወልኩት። አሁን ነው! በይ ቁጠሪ!»

ስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ የአክስቷ የዘይነባ ድምፅ መጣ።

«እልልልል!» አንድ! «እልልልል!» ሁለት! «እልልልል!» ሦስት!

ከዚያ ዝም።

«ሦስት! ሦስት ነው! እህት መጣችልኝ!» ኢክራም ከበርጩማዋ ዘለለች።

«ቆይ! ቆይ! አላለቀም!» አሉ አባባ።

«እልልልል!» አራት! «እልልልል!» አምስት! «እልልልል!» ስድስት!

«ሰባት ሊሞላ ነው! ወንድ ነው!» አሉ አባባ ይማም። ጆሯቸውን ከስልኩ ጋር አጣበቁት።

ጥፍት! ባትሪው አለቀ።

ኢክራምና አባባ ይማም ተያዩ።

«ስድስት?» አለች ኢክራም። «ስድስት ለማን ነው?»

«ሰባተኛውን ባትሪው በልቶት ይሆን?» አሉ አባባ። ጺማቸውን አሻሹ። ኢክራምም የሌላትን ጺም አሻሸች።

ጠበቁ። ጠበቁ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ኳ! ኳ! ኳ!

ኢክራም በሩን በረገደችው። አባቷ ቆሟል። ደክሞታል፤ ፊቱ ግን እስከ ጆሮው ስቋል።

«እማዬስ?»

«እማዬ ደህና ናት። እንቅልፍ ወስዷታል።»

«አባዬ፣ ስድስት ምንድን ነው?»

አባቷ ወደ ውስጥ ገባ። ቢጫውን መታቀፊያ ከጠረጴዛው ላይ አነሳው፤ ገለበጠው፤ ራሱንም አከከ።

«አባባ» አለ ወደ አባባ ይማም ዞሮ፣ «የተረፈዎት ቢጫ ጨርቅ አለ? ሌላ አንድ ያስፈልገናል።»

ኢክራም በጣቶቿ ቆጠረች። ሦስት በዚህ እጅ። ሦስት በዚያ እጅ።

«ሁለት ናቸው! ሁለት እህቶች!»

አባባ ይማም ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ስጦታ ማለት ይሄ ነው!» አሉ። «በሁለት እጅ የሚቀበሉት ይሄ ነው! አላህ ይስጥልኝ!»

ያን ቀን ምሽት መብራት መጣ። ኢክራም ስለ ፊኛው ጨዋታና ስለ ቀዩ ሳጥን ሁሉንም ለአባቷ ነገረችው።

«ነገ ለእማዬም ራስሽ ትነግሪያታለሽ» አለ አባቷ። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበላት።

«እሺ። ግን አባዬ፣ ሌላ ሳጥን መጥቶ ንኪኝ ቢለኝስ?»

«አንቺስ ምን ትዪዋለሽ?»

ኢክራም ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፋ ጨበጠቻቸው። «ቆይ፣ መጀመሪያ እማዬን ልጠይቅ እለዋለሁ።»

ከሱቁ ድምፅ ይሰማል። አባባ ይማም ለሁለተኛዋ እህቷ መታቀፊያ እየሰፉ ነው። ጢቅ ጢቅ ጢቅ... ጢቅ ጢቅ...

ኢክራምን እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ክሩም ተቋጠረ፤ ታሪካችንም አለቀ። አሁን ጣታችሁን ፍቱና፣ እቅፍ አድርጉኝ።